የዓባይ መነሻ ሲለካ፤ የመለኪያ መሣሪያዎችና የተሠሩባቸው ቁሶች ታሪክ በአዊ ምድር

በካይሮ ከተማ በሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን የእብነ በረድ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታት የሚጠቀሱት፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዓምዱ በክንድ እየተከፋፈለ ምልክት የተደረገበት ሲሆን፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት የውሃው ከፍታ ይነበብበት፣ የሚመጣው ዓመት አዝመራና የሚጣለው የግብር መጠን ይገመትበት ነበር። ውሃው ከልኩ ሲያንስ ረሃብ፣ ከልኩ ሲያልፍ ጥፋት ይፈራ ነበርና ንባቡ የመንግሥት ጉዳይ ነበረ።

በዚያ ዓምድ ላይ የሚነበበውን ሙላት የሚያመጣው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ነው። ይሁን እንጂ የወንዙ መጨረሻ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲለካ መነሻው ሳይለካ ኖረ። በአዊ ምድር በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ስንት ዝናብ እንደሚወርድ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ወደ ወንዝ፣ ስንቱ ወደ ከርሠ ምድር እንደሚገባ በቁጥር መመዝገብ የተጀመረው በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ውሃው ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃው ቁጥርም እውነት ሆኖ ቆይቷል።

ለዚህ መዘግየት የፖለቲካና የኢኮኖሚ ምክንያቶች እንዳሉ የታወቀ ነው። ለመሐንዲሱ ግን ሌላም ጥያቄ አለው፤ ይኸውም የመሣሪያውና የመሣሪያው ቁስ ጥያቄ ነው። በዛሬው አነጋገር ሴንሰር የሚባለው የመሣሪያው የስሜት ሕዋስ ነው። አንድ የመለኪያ ሥርዓት ምን ጊዜም ሦስት ክፍሎች ይኖሩታል። አንደኛው የሚለካውን ነገር የሚነካው አካል፣ ሁለተኛው የተነካውን ነገር ወደ ቁጥር የሚለውጠው አካል፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ጠብቆ ለተከታዩ ትውልድ የሚያቆየው አካል ነው። በሮዳ የመጀመሪያው እብነ በረድ፣ ሁለተኛው የአንባቢው ዓይን፣ ሦስተኛው የመንግሥት መዝገብ ነበረ። በአዊ ምድርና በአካባቢው የገቡት መሣሪያዎች ታሪክ ሲመረመር፣ በየዘመኑ ከፍተኛ ድካም የተደረገው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ ሲሆን፣ የሥራውን ዕድል የወሰነው ግን አዘውትሮ ሦስተኛው ክፍል ሆኖ ይገኛል።

አገሩ ለመሣሪያ የሚያቀርበው ፈተና

ቀድሞ የአገው ምድር አውራጃ ይባል የነበረው የዛሬው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማው እንጅባራ ነው። ኮሶበር በሚለውም ስም የምትታወቀው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ዳንግላ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከዚህ አገር የሚነሣው ውሃ በየአቅጣጫው ይከፋፈላል። በዳንግላ በኩል የሚወርደው የክልቲ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው በበለስ በኩል፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ በልዩ ልዩ ገባሮች አማካይነት ከዓባይ ይደርሳል። በዳንግላ የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚህም ውስጥ ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለመሣሪያ ሠሪ ትርጉም አላቸው። ግማሽ ዓመት የሚዘልቀው እርጥበት ተራ ብረትን ያዝጋል፣ የእንጨት ችካልን ከሥሩ ያበሰብሳል፣ በኤሌክትሪክ ማገናኛ ውስጥ ገብቶ ምልክቱን ያዛባል። በረዶ የተቀላቀለበት ኃይለኛ ዝናብ ቀጭን ፕላስቲክን ይሰነጥቃል። በከፍተኛ ቦታ የሚበረታው የፀሐይ ጨረር በበኩሉ ያንኑ ፕላስቲክ በበጋ አድርቆ ለክረምቱ ስብራት ያዘጋጀዋል። በቀኑ ሙቀትና በሌሊቱ ብርድ መካከል ያለው ልዩነት ቁሶችን በየዕለቱ ያሰፋል፣ ያጠብባል። ከቀዩ አፈር ታጥቦ የሚወርደው ደለል ጠባብ ቀዳዳን ሁሉ ይደፍናል፤ በሙላት ጊዜ የሚንከባለለው ድንጋይም የተተከለውን ይነቅላል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው የሚገኘው ከሩቅ አገር ነው። በአውሮፓ ቤተ ሙከራ ፍጹም ሆኖ የተገኘ መሣሪያ በአገው ምድር የአንድ ክረምት ዕድሜ ሊያጣ የሚችለው ስለዚህ ነው።

የናስ ዘመን

በአካባቢው በትክክለኛ መሣሪያ የተደረገ የመጀመሪያው የታወቀ ልኬት የስኮትላንዱ ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ዛሬ በሰከላ ወረዳ፣ ከአዊ ዞን ድንበር አጠገብ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቦታውን ያየው ከዚያ ከመቶ ኀምሳ ዓመታት በፊት፣ በ1618 ነበር። ብሩስን ከእርሱ የሚለየው የናስ ኳድራንት ይዞ መምጣቱ ነው። ይህ የማዕዘን መለኪያ የማርሴይ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 15ኛ ፈቃድ የተሰጠው ነበር።

ብሩስ ለምንጩ የሰጠው የኬክሮስ ልክ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከዛሬው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ በጣም ጥቂት ነው። የኬንትሮሱ ልክ ግን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ገደማ ነበርና ምንጩን ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ አርቆ ያስቀምጠዋል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት በቁስ ሳይንስ ሊገለጽ የሚችል ነው። ናስ አይዝግም፤ በቀላሉ ይቀረጻል፤ ስለሆነም የዲግሪ ምልክት በጥራት ይቀበላል። በሙቀት የሚሰፋ ቢሆንም፣ አንድ የክብ ክፋይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲሰፋ ማዕዘኑ አይለወጥም። ኬክሮስ የሚጠይቀው ማዕዘንን ብቻ በመሆኑ ናሱ ሥራውን በሚገባ ፈጸመ። ኬንትሮስ ግን ጊዜን ይጠይቃል። በሰዓት ውስጥ የሚገኘው ብረትና ናስ ደግሞ ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር አካሄዱ ይለዋወጣል፤ በመንገድ መናወጥም ይታወካል። አንዱ ቁስ ለአንዱ ልኬት የታመነ፣ ለሌላው ግን የማይታመን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ናስ ሌላም ዕዳ ነበረበት፤ እርሱም ክብደቱ ነው። ብሩስ በመመለሻው በ1772 የኑቢያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ ስላለቁበት ኳድራንቱንና ሌሎች መሣሪያዎቹን ማስታወሻዎቹን ጭምር በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ወደ አስዋን ለመሄድ ተገድዷል። ዕቃዎቹን ያገኘው አስዋን ከደረሰ በኋላ ሌሎች ግመሎች ይዞ ተመልሶ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ የግሽ ዓባይ ልኬት ከነመዝገቡ በበረሃ ቀርቶ ነበር።

የብርጭቆ ዘመን

ከሰባ ዓመታት ገደማ በኋላ አንቷን ዳባዲ የተባለው ምሁር ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከ1838 እስከ 1848 ድረስ ባሉት ዓመታት ጎጃምን ጨምሮ ብዙ አገሮችን በቴዎዶላይት እየተመለከተ ልኬት አካሄደ። ውጤቱም ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ታትሟል። የተራሮችን ከፍታ ለማወቅ የተጠቀመበት አንዱ ዘዴ ውሃ አፍልቶ የሚፈላበትን ሙቀት በጥንቃቄ ማንበብ ነበር።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይፈላል። በዳንግላ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ገደማ፣ በእንጅባራ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ስለሚያሳይ፣ በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ መሳሳት ተራራውን በ30 ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ረጅሙን የባዜቃ ባሮሜትር በበቅሎ ጭኖ ገደል ከመውጣትና ከመውረድ ይልቅ አጭር ቴርሞሜትርና አንዲት የማፍያ ዕቃ መያዝ ለመንገደኛ እጅግ ይቀልለው ነበር።

ቅለቱ ግን የራሱን ጠንቅ አመጣ። በዚያ ዘመን የነበረው ብርጭቆ ከሞቀ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ወዲያው አይመለስም ነበር፤ የቴርሞሜትሩም ዜሮ በየጊዜው ከቦታው ይሸሻል። አንባቢው በትክክል ያነባል፤ የሚያነበው መሣሪያ ግን ሳይታወቅ ተለውጧል። ይህን ችግር በሰፊው ያቃለለው በጀርመን አገር በዬና ከተማ ኦቶ ሾት፣ ኤርንስት አበና የዛይስ ድርጅት በ1884 ባቋቋሙት የብርጭቆ ፋብሪካ የተገኘው አዲስ የቴርሞሜትር ብርጭቆ ነው። ሾት የብርጭቆውን ቅመም በመለወጥ የዜሮውን መሸሽ እጅግ አሳነሰው። ለሴንሰር ሥራ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበረ፤ ቁስ የሚመረጠው በትኩሱ በሚሰጠው ንባብ ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ያንኑ ንባብ በመስጠቱ መሆኑ የታወቀው በዚህ ዓይነት ልምድ ነው።

ቆንስላው በዳንግላ

ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ልኬቱ የግለሰብ ተጓዦች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። በሜይ 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለማሠራት ቃል ገብተው ነበር። ከዚያ በኋላ በጣና ላይ ግድብ የመሥራት አሳብ ደጋግሞ ተነሣ። በ1920 እና በ1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ሐይቁን አጠኑ። የኒው ዮርኩ ጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ድርጅትም በ1930 እና በ1931 የጣናን ግድብ ጥናት አካሄደ።

በዚሁ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት በዳንግላ ቆንስላ ነበረው። ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን በሥራ ዘመኑ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ ጥናቱንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ቀድሞ በካርታ ላይ ባዶ የነበሩ የሸለቆው ክፍሎች መልክ ያገኙት በእርሱ ድካም ነው። ለአንድ አውራጃ ከተማ እንዲህ ያለ ቆንስላ መኖሩ ለውሃው የተሰጠውን ግምት ያሳያል።

ከልኬት ታሪክ አንጻር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። መሣሪያው የመጣው ከውጭ ነበር፤ ለካው ሰው ከውጭ ነበር፤ ቁጥሩም ተጠቅልሎ ወደ ውጭ ሄደ። በዳንግላና በእንጅባራ የቀረ ሰሌዳ፣ ሰሌዳውን በየዕለቱ የሚያነብ ተተኪም አልነበረም። የአንድ ጊዜ ልኬት የአገርን መልክ ሊያሳይ ይችላል። የወንዝን ጠባይ ሊያሳይ ግን አይችልም፤ ወንዝ የሚታወቀው በዓመታት ተከታታይ ንባብ ነውና።

ሰሌዳ፣ ተንሳፋፊና ሰዓት

ተከታታይ ንባብ በሰፊው የተጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር በ1957 ባደረገው ስምምነት መሠረት የአሜሪካ የመሬት ማልማት መሥሪያ ቤት የዓባይን ተፋሰስ ባጠናበት ጊዜ ነው። በዚያ ጥናት በልዩ ልዩ ወንዞች ላይ የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ ማጠቃለያው ሪፖርት በ1964 ቀረበ። ከሱዳን ወሰን አጠገብ ለግድብ የሚሆን ቦታ በዚህ ሪፖርት ተመልክቷል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በዚያው አካባቢ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በግንባታው ዋዜማ መሐንዲሶች የተመረኮዙት የውሃ መዝገብ ሥሩ በነዚያ ቀደምት ሰሌዳዎች ላይ ነው።

የዚያ ዘመን መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው በወንዝ ዳር የሚተከል፣ በሜትርና በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የሚሠራው በኢናሜል ከተለበጠ ብረት ነበር። ኢናሜል በብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ማለት ስለሆነ ውሃ አያስገባም፤ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ጭቃው በጨርቅ ይጠረጋል። ደካማነቱ ድንጋይ ሲመታው መሸረፉ ነው፤ በተሸረፈበት በኩል ዝገቱ ይገባና ቁጥሩን ይበላዋል። ያም ሆኖ ግማሹ የተበላ ሰሌዳ እንኳ በቀረው ግማሽ ይነበባል።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ያለው መዝጋቢ ነው። ከወንዙ አጠገብ የእርጋታ ጕድጓድ ይቆፈርና በቧንቧ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። በጕድጓዱ ውስጥ የሚንሳፈፈው አካል ከውሃው ጋር ሲወጣና ሲወርድ፣ በሰዓት ኃይል በሚዞር ወረቀት ላይ ብዕር መስመር ይሥላል። መሣሪያው ሌሊት ሰው ሳያየው የሚመጣውን ሙላት ስለሚመዘግብ ከሰሌዳው ይበልጣል። ሆኖም ቧንቧው በደለል ከተደፈነ ወንዙ ሲሞላ ጕድጓዱ ዝም ይላል፤ ሰዓቱ በወቅቱ ካልተሞላ መስመሩ ይቆማል፤ ወረቀቱም በክረምቱ እርጥበት ሲርስ ቀለሙ ይዋጣል። ከሁሉ የከፋው፣ ቧንቧው በተደፈነ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚታየው መስመር ቀጥ ያለና ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ሩቅ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ወንዙ የተረጋጋ ይመስለዋል።

ከአዊ ከፍታዎች የሚወርደውንም ውሃ የሚጨምረው የግልገል ዓባይ ወንዝ በመራዊ አካባቢ ሲለካ ከ1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ተፋሰስ ውሃ ያሳያል። በዚህ ዓይነት ጣቢያ የሚነበበው ከፍታ እንጂ የውሃው መጠን አይደለም። ከፍታውን ወደ መጠን ለመለወጥ በልዩ ልዩ ወራት የውሃውን ፍጥነት መለካትና በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና መሥራት ያስፈልጋል። ወንዙ አልጋውን በለወጠ ቁጥር ይህ ዝምድና መታደስ አለበት። ሰሌዳው ተነቅሎ ዳግመኛ ሲተከል ዜሮው በአምስት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ይዛነፋል። በጣና ዙሪያ ዛሬም ያለ መለኪያ የሚፈስሱ ብዙ ጅረቶች ስላሉ፣ ተመራማሪዎች የእነርሱን ውሃ የሚያውቁት በስሌት እየገመቱ ነው።

የሲሊኮን ዘመን

በ1954 ቻርልስ ስሚዝ የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ፣ ሲሊኮንና ጀርማኒየም ሲጫኑ ወይም ሲሳቡ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ከብረታ ብረት በጣም በበለጠ ሁኔታ እንደሚለወጥ አሳየ። የዘመኑ የግፊት ሴንሰሮች ትልቅ ክፍል የተነሣው ከዚህ ግኝት ነው። በወንዝ ሥር የተቀመጠ ስስ የሲሊኮን ገለፈት ከላዩ ባለው ውሃ ክብደት ሲጎብጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ የውሃውን ከፍታ ይናገራል። አንድ ሜትር ውሃ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ 9.8 ኪሎ ፓስካል ነው። የእርጋታ ጕድጓድ፣ የሚሞላ ሰዓት፣ የሚቀየር ወረቀት የማያስፈልገው ይህ መሣሪያ በእጅ መዳፍ ሊያዝ ይችላል።

ሲሊኮኑ ውሃውን በቀጥታ እንዳይነካ መሸፈን አለበትና እዚህ ላይ የቁስ ምርጫው ይጀምራል። አንደኛው መንገድ ከማይዝግ ብረት የተሠራ እጅግ ስስ ገለፈት ከፊት አድርጎ መካከሉን በዘይት መሙላት ነው። ብረቱ ዝገትን ይቋቋማል፤ ሲመታም አይሰበርም። ነገር ግን ጠጠር ከጎደጎደው ዜሮው ይለወጣል፤ ዘይቱም በቀን ሙቀት ስለሚሰፋ የውሸት ግፊት ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ ሲሊኮኑን ትቶ ከአሉሚና ሴራሚክ የተሠራ ወፍራም ገለፈት ያለው ሴንሰር መጠቀም ነው። ሴራሚክ ለደለል ፍትጊያ ጠንካራ ነው፤ ጎብጦ አይቀርም፤ ዘይትም አያሻውም። ድንገተኛ የድንጋይ ምት ግን ይሰብረዋል፤ ከአቃፊው ጋር የሚያጋጥመው ጎማም ሲያረጅ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ድንጋይ በሚያንከባልል ወንዝ ብረት፣ በደለል በተሞላ ነገር ግን ረጋ ባለ ውሃ ወይም በጕድጓድ ውስጥ ሴራሚክ ይመረጣል። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቁስ የለም።

ከፍታውም የራሱን ጥያቄ ያነሣል። በእንጅባራ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ካለው ግፊት ጋር ያለው ልዩነት ከ2 ሜትር ተኩል ውሃ ክብደት ይበልጣል። ጠቅላላ ግፊትን የሚለካ ሴንሰር በባሕር ጠለል ሒሳብ ተስተካክሎ እንዲሁ ቢተከል ወንዙን ከሁለት ሜትር በላይ ያሳንሰዋል። ከዚህ ሌላ በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች የአየር ግፊት በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከጧቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ ካልተቀነሰ በበጋ የተኛ ወንዝ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር የሚሞላና የሚጎድል ይመስላል። መፍትሔው በገመዱ ውስጥ አየር የሚያስተነፍስ ቀጭን ቱቦ ማሳለፍ ወይም ሌላ የአየር ግፊት ሴንሰር አጠገቡ ማኖር ነው። ቱቦው ግን የክረምቱን እርጥበት ስለሚስብ ጫፉ ላይ እርጥበት የሚጠጣ ሲሊካ ጄል ይደረጋል፤ እርሱም ሲጠግብ መለወጥ አለበት። ሰው አያስፈልገውም የተባለው መሣሪያ በአንዲት ከረጢት ሲሊካ ጄል ምክንያት ሰውን መልሶ ይጠራል።

የዝናብ መለኪያውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። እየሞላ የሚደፋው ባለ ሁለት ማንኪያ መለኪያ በእንግሊዝ ከ1660ዎቹ ጀምሮ የታሰበ ሲሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ መደፋት ማግኔት የኤሌክትሪክ ማብሪያ እየዘጋና እየከፈተ ይቆጠራል። በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ማንኪያው እስኪገለበጥ የሚፈስሰው ውሃ ሳይቆጠር ስለሚያልፍ መጠኑን ያሳንሳል፤ ቅጠልና የሸረሪት ድር አፉን ከዘጋውም «ዛሬ አልዘነበም» ብሎ ይመዘግባል። ውሃውን ሳይነካ ከድልድይ ላይ ሆኖ በሬድዮ ሞገድ ከፍታውን የሚለካው ራዳር ከደለልና ከድንጋይ ያመልጣል። እርሱም ባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ጠባቂ ይሻል።

የዳንግሽታ ልምድ

በዚህ ሁሉ ታሪክ ላይ በአዊ ምድር የተደረገ አንድ ሥራ አዲስ ብርሃን ፈንጥቋል። ስለ ጥልቀት የለሽ የከርሠ ምድር ውሃና ስለ አነስተኛ መስኖ በተካሄደ ጥናት ምክንያት፣ በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የውሃ ጕድጓዶችን ጥልቀት መለካት ጀመሩ። በጥናቱ የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲና የዓለም አቀፉ የውሃ አያያዝ ተቋም ተካፋዮች ነበሩ። መሣሪያዎቹ በእጅ የሚነበቡ የዝናብ መለኪያ፣ በወንዝ ላይ የተተከሉ ሰሌዳዎችና የጕድጓድ መለኪያ ነበሩ። ሲሊኮን አልነበረባቸውም፤ ከ1950ዎቹ መሣሪያዎችም ብዙ አይለዩም።

ልዩነቱ በሦስተኛው ክፍል ላይ ነበር። ልኬቱን የሚያካሂዱት በዚያው ውሃ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ከጕድጓዱም የሚቀዱ ሰዎች ናቸው። በ2016 በአንድ ዓለም አቀፍ የሃይድሮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣው የጥናቱ ውጤት፣ ነዋሪዎቹ የሰበሰቡት መረጃ ጥራቱ በመደበኛ ጣቢያዎች ከሚሰበሰበው ጋር የሚወዳደር መሆኑን አረጋገጠ። ከሳተላይት የሚገኘው የዝናብ ግምት ከቦታው ንባብ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው ጕድለትም በዚሁ ታይቷል። ሳተላይት ሰፊውን አገር ያያል፤ በአንድ ሸለቆ ላይ የወረደውን ዝናብ ግን በዚያ ሸለቆ እንደቆመ መለኪያ አያውቀውም።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ከአካባቢው ኑሮ መረዳት ይቻላል። በዳንግላ አርሶ አደሩ በበጋ አትክልት የሚያለማው ከእጅ ጕድጓድና ከትናንሽ ጅረቶች በሚገኝ ውሃ ነው። ስንት ሰው ስንት ጕድጓድ ቢቆፍር ውሃው እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል? ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው ምድር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በስሙ ዲከረንስ እያለ የሚጠራውን የግራር ዝርያ ለከሰል በስፋት ተክሏል። ማሳው ወደ ደን ሲለወጥ ብዙ ቤተሰብ ገቢ አገኘ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ተክሉን የዝገት በሽታ አጠቃው። የዛፉ መስፋፋትም ሆነ መመናመን በምንጮችና በጅረቶች ላይ ያመጣው ለውጥ የሚታወቀው፣ ከተከላው በፊት፣ በተከላው ጊዜና ከዚያ በኋላ የተነበበ ተከታታይ መዝገብ ካለ ብቻ ነው። ያልተለካ ዝናብ ደግሞ ተመልሶ አይለካም፤ የጠፋ መሣሪያ ይተካል፣ የጠፋ ክረምት ግን አይተካም።

ከታሪኩ የሚገኝ መመሪያ

ከብሩስ ናስ እስከ ዛሬው ሲሊኮን ያለው ጉዞ ሲጠቃለል ለሴንሰር ነዳፊውና ለመሣሪያ ገዢው አንዳንድ መመሪያዎችን ይሰጣል።

አንደኛ፤ የቁስ ብቃት የሚመዘነው በፋብሪካው ወረቀት ላይ በተጻፈው ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን፣ ከብዙ ክረምት በኋላ በሚቀረው ትክክለኛነት ነው። የዳባዲ ዘመን ብርጭቆ ያስተማረው ይህን ነው።

ሁለተኛ፤ ሲበላሽ መበላሸቱን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ተበላሽቶ ደህና ከሚመስለው ይሻላል። የተሸረፈ ሰሌዳ በግልጽ ይታያል፤ የተደፈነ ቧንቧና ጠጥቶ የጠገበ ሲሊካ ጄል ግን ዝም ብለው ይዋሻሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር አጠገብ አንድ ተራ ሰሌዳ ሊተከልና ንባባቸው በየጊዜው ሊተያይ ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ በአገር ውስጥ የሚሠራው በአገር ውስጥ መሠራት አለበት። የሲሊኮኑን ገለፈት ከውጭ ማስመጣት ግድ ይሆናል። መያዣውን ሣጥን፣ የድንጋይ መከላከያውን፣ የሰሌዳውን መደገፊያና የዝናብ መለኪያውን ቆመት ግን በዞኑ ያሉ የብረታ ብረትና የእንጨት ባለሙያዎች ሊሠሩት ይችላሉ። በአገሩ የተሠራ ሲሰበር በአገሩ ይጠገናል።

አራተኛ፤ ከሁሉም በላይ፣ ጠባቂው የንድፉ አካል እንጂ ከንድፉ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ መሆን የለበትም። የሮዳውን ዓምድ ያኖረው የእብነ በረዱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ንባቡ ለአገሩ ሕይወት አስፈላጊ ስለነበረ በየዘመኑ የሚጠብቀው አላጣም። በዳንግሽታም ሰሌዳው በየዕለቱ የተነበበው ንባቡ ለሚያነበው ሰው ማሳና ጕድጓድ ትርጉም ስላለው ነው። በእንጅባራና በዳንግላ የሚተከለው የነገው ሴንሰር ከየትኛውም ቁስ ይሠራ፣ በመዝገቡ ላይ የሚወጣው ቁጥር አስቀድሞ ለአዊ ገበሬ፣ ቀጥሎም ለወረዳው የውሃ ባለሙያ፣ ከዚያም ለአገሪቱ መሐንዲሶች እንዲደርስ ሆኖ ከተነደፈ ጠባቂ አያጣም። መነሻው በየዓመቱ ሲለካ ነው የዓባይ ልጅ ስለ ውሃው በቁጥር መናገር የሚችለው።